ቦክሰር 100 ወይስ 150? ወይስ ቲቪኤስ? ሐራ፣ መርሳና ወልድያ ላይ ለሚነዳ ሞተር ምን እንምረጥ፣ ምንስ እናስጨምርበት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ከሐራ የጻፈልን ወጣት ነው። ሁለት በሬ ተሽጧል፣ የእህቱ ቁጠባም ተጨምሮበታል፣ ብሩ ለሞተር ተዘጋጅቷል። "ቦክሰር 100 ይሻለኛል 150? ሱቅ ላይ ሳያቸው መንታ ናቸው። ባለሱቁ ደግሞ ቲቪኤስ ግዛ ይለኛል። ከገዛሁ በኋላስ ምን ላስጨምርበት?" ይላል። ሥራው ሽንኩርትና ማንጎ ከገበያ ገበያ ማመላለስ ነው፤ እናቱንም ሐኪም ቤት ያደርስበታል። ለገና ደግሞ እናቱን አፈናጦ ላሊበላ ደርሶ መመለስ ይፈልጋል።

የአንድ ቤት ጥሪት በሁለት ጎማ ላይ ሊወጣ ነው። ስለዚህ መልሱን ለእሱ ብቻ ከምንልክ ለሁላችንም ብንጽፈው ይሻላል ብለናል።

ሐራን ከሩቅ ያለ ሰው የሚያውቃት በባቡሩ ስም ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ሥራው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ስንቱ ስንት ነገር አስቦ ነበር። ባቡሩ የራሱ ታሪክ አለው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን። ከአስፋልቱ ወርዶ ቀበሌ ድረስ የሚገባው ግን አሁንም ሞተር ነው። ምርጫውም ከዚህ ይጀምራል፦ ሞተሩ የሚሄደው በየትኛው መንገድ ላይ ነው?

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ ዘንድ "ባጃጅ" ማለት ባለሦስት እግሯ ናት። ቦክሰርን የሚሠራው ግን ያው ባጃጅ የተባለው የህንድ ኩባንያ ነው። ቲቪኤስም የህንድ ነው፤ እሱም ባለሦስት እግር ይሠራል፣ ሞተርም ይሠራል። ከቦክሰር ጋር የሚፎካከረው "ኤችኤልኤክስ" የሚባለው ሲሆን 100፣ 125 እና 150 አለው። ሁለቱም ኩባንያዎች እነዚህን ሞተሮች ሲሠሩ ያሰቡት እንደኛ ያለውን አገር ነው፦ ኮረኮንች፣ ብዙ ጭነት፣ ትንሽ ነዳጅ፣ ሩቅ ጋራዥ። ስለዚህ ሱቅ ላይ ቢመሳሰሉ አይገርምም። ልዩነታቸው የሚታየው ዳገት ላይ ነው።

ዳገቱን እንይ። ሐራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መርሳ ትንሽ ከፍ ትላለች። ወልድያ 2,000 ሜትር አካባቢ ናት። ከወልድያ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና ስትወጡ፣ ያ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ መንገድ፣ 3,000 ሜትር አካባቢ ያደርሳችኋል። ላሊበላ የሚሄድ ሰው ይህን ሳይወጣ አይደርስም። አንድ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ አየሩ ይሳሳል። ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋር ተደባልቆ ነው፤ ሲሊንደሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ካነሰ የሚነደውም ያንሳል።

አሁን ቁጥሩን እናስገባ። ቦክሰር 150 በትክክል 144.8 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ቦክሰር 100 ደግሞ 8 ገደማ። ይህ ካታሎግ ላይ ያለው ነው። ሐራ ላይ 150ው ወደ 10 ይወርዳል፣ 100ው ወደ 7። ጋሸና ላይ 150ው ከ8 ተኩል አያልፍም፣ 100ው 5 ተኩል ላይ ይቀራል። ልብ በሉ፤ ጋሸና ላይ የቆመ 150 ባሕር ዳር ላይ የቆመ 100 ማለት ነው (የጣናውን ባሕር ዳር አላልንም፣ የቀይ ባሕሩን ዳርቻ ነው)። 100ው ጋሸና ላይ ሁለት ሰው ጭኖ በአንደኛ ማርሽ ሲያለቅስ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ሞተሩ ታሞ አይደለም።

ስለዚህ ለወጣቱ የመጀመሪያው መልሳችን ይኸው፦ ሥራህ ሐራ፣ መርሳ፣ ጊራና፣ ውርጌሳ፣ ሲሪንቃ ብቻ ቢሆን፣ ጭነትህም ቀላል ቢሆን 100ው ይበቃህ ነበር። ዋጋው ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። አንተ ግን ሁለት ሰው ሆነህ ላሊበላ እወጣለሁ ብለሃል። እናትህን ይዘህ ከሆነ 150።

ቦክሰር 150 ወይስ ኤችኤልኤክስ 150? እውነቱን እንናገር፣ በሲሲም በጉልበትም የሚያጣላቸው ነገር የለም። ኤችኤልኤክስ 150 አምስት ማርሽ አለው። ቦክሰሩ ላይ እንደ ምርት ዘመኑ አራት ማርሽም አምስት ማርሽም ታገኛላችሁ፤ ባለሱቁን ከመጠየቅ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ ቁጠሩት። ማርሹ ወደፊት ተረግጦ ነው ወደኋላ የሚጨምረው የሚለውንም እዚያው እዩት፤ ከአንዱ የለመደ እግር ሌላው ላይ ሲደነግጥ ይሳሳታል። አምስተኛ ማርሽ አስፋልት ላይ ሞተሩን ያሳርፋል፣ ዳገት ላይ ግን ትርጉም የለውም። ምርጫውን የሚቆርጠው ሌላ ነገር ነው፦ መርሳና ወልድያ ያሉ መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ የማን ዕቃ ተደርድሯል? ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ካርቡራተር፣ አራቱን ስም ጽፋችሁ ሦስት ሱቅ ዙሩና ለሁለቱም ሞተር ጠይቁ። "ነገ ይመጣል" የሚባልለትን ሞተር ተዉት። እኛ እንዲህ ስንል ለአንዱ ማስታወቂያ እየሠራን አይደለም፤ ዛሬ አንዱ በብዛት አለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

ያማሃስ? ይህን የሚጠይቁን ብዙ ጊዜ በእርሻ ባለሙያዎችና በድርጅት ሠራተኞች እጅ ያዩትን ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 አይተው ነው። ዲቲና አዲሱ ኤክስቲዜድ 125 የፊት ጎማቸው ባለ 21 ኢንች ነው። የቦክሰር 17 ነው። ትልቅ ጎማ ድንጋይ ላይ ይንከባለላል፣ ትንሽ ጎማ ድንጋዩን ይመታዋል። በደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ በኮረኮንች፣ በቁልቁለት ያማሃ ሌላ ነገር ነው። ግን መቀመጫው ከፍ ያለ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው፣ ዲቲና ኤጂ 100 ደግሞ ባለሁለት ምት ስለሆኑ ከቤንዚኑ ሌላ የሚቃጠል ዘይት ይፈልጋሉ። እናትን ከኋላ አፈናጦ ለሚሄድ ሰው ከፍታው ብቻ ይበቃል ላለመግዛት።

ኤጂን ግን ቆም ብላችሁ እዩት፤ ስለ ማስጨመር ልንጽፍ ስለሆነ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። ኤጂ የተሠራው ለገበሬ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከፊትም ከኋላም ፖርቶመጋላ አለው። ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው፣ አቧራና ጭቃ አያገኘውም። ማቆሚያው በግራም በቀኝም ስላለው ተዳፋት ላይ በፈለጋችሁት ጎን ታቆሙታላችሁ። ሞተሩን ከድንጋይ የሚከልል ብረት አለው። እኛ አገር ሞተር "ሲሰተካከል" የሚደረገው ምንድን ነው? ተለጣፊ፣ ባለቀለም መብራት፣ የሚጮህ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ አውልቆ መጣል። ኤጂ ላይ አንዱም የለም። ለሥራ ያሰበ መሐንዲስ የት ብር እንዳወጣ ከዚያ ታያላችሁ።

እንግዲህ ወደ ማስጨመሩ እንግባ። ከሁሉም በፊት ጭነቱን እናስላ። ቦክሰር 150 ባዶውን 120 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለት አዋቂ ሰው 130 ኪሎ ነው። ገና ሰው ሲቀመጥ ጭነቱ ከተሸካሚው በለጠ ማለት ነው። በዚህ ላይ ኩንታል ሽንኩርት የሚጨምር ሰው አይተናል፣ ሁላችሁም አይታችኋል። ችግሩ ሞተሩ አይጎትትም አይደለም፤ በዝቅተኛ ማርሽ ይጎትታል። አይቆምም ነው ችግሩ።

ከጋሸና ወደ ወልድያ ስትወርዱ ወደ 1,000 ሜትር ትወርዳላችሁ። ሞተሩ፣ ሁለቱ ሰዎችና 20 ኪሎ ዕቃ ተደምረው 270 ኪሎ ይሆናሉ። ይህ ክብደት በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢቀየር ስምንት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ጥቂቱን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረውን ማን ይውሰደው? ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ ወይ ማርሹ ወይ ፍሬኑ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ወይም ፍሪሲዮን ይዞ የሚወርድ ሰው ስምንቱንም ሊትር በመዳፍ በምታክል የፍሬን ሸራ ላይ ነው የሚያፈላው። ሸራው ሲግል አይይዝም። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣችሁት በሁለተኛ ውረዱት፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረጋችሁ። ለፍሬን የምታወጡትን ብር ከመብራት ብር አስቀድሙ፦ ከፊት ዲስክ ፍሬን ያለው ምርት ካገኛችሁ ልዩነቱን ከፍላችሁ ያዙት፤ ከሌለ ደግሞ ሸራ ስትገዙ ርካሹን አትግዙ።

አሁን ፖርቶመጋላ። ይህ ነገር ለኛ አገር ሞተር ግድ ነው፤ ግን አሠራሩ ሞተሩን ሊገድለው ይችላል። ሞተሩ ዋና አጥንት ላይ በቀጥታ አታስበይዱ። ብየዳ ቧንቧውን በዚያ ቦታ ላይ ያደርቀዋል፣ ኮረኮንች ሲያንገጫግጨው ከብየዳው ዳር ይሰነጠቃል። ብረቱ በብሎን ይታሰር፤ ሾኩ የታሰረበትና ከኮርቻው ጀርባ ያለው ብሎን በቂ ነው። የግድ ብየዳ ካለ ባትሪው መጀመሪያ ይነቀል። ካልተነቀለ እሳት የሚያዘው ዕቃ (ሲዲአይ የሚሉት) ሊቃጠል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ለምን አልነሳ አለ ብላችሁ ካንዴላ ስትቀይሩ ነው የምትከርሙት። ቁመቱም ቁም ነገር ነው። ጭነቱ ከኋላ ጎማው መሐል ወደ ኋላ ባለፈ ቁጥር የፊት ጎማው ይቀልላል፤ ዳገት ላይ መሪው አልታዘዝ የሚለው ለዚህ ነው። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ በግራና በቀኝ ክፈሉት። ድሮ አህያ ስትጫን በሁለት ወገን የሚመዘነው በከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ እናቱ እንናገር። ህንድ ውስጥ ሞተር ሲሸጥ ከኋላ ጎማው ጎን የሽቦ ወይም የብረት ከለላ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። "ሳሪ ጋርድ" ይሉታል፤ የሴቶቹ ልብስ፣ ሳሪው፣ በጎማው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ወደ እኛ የመጣ ሞተር ይህ ካለው ልጆቹ የመጀመሪያ ሥራቸው እሱን መፍታት ነው፣ "አያምርም" ብለው። እንዴ! የኛስ እናቶች ምን ለብሰው ነው የሚፈናጠጡት? ነጠላ፣ ሻሽ፣ ጋቢ፣ ረጅም ቀሚስ። በአንድ ጎን ተቀምጠው። ነጠላው በካቴና ወይም በጎማ ሲያዝ ሰው ከኋላ ተጎትቶ ይወድቃል፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ደግሞ ከመውደቅም የከፋ ነው። ሞተራችሁ ይህ ከለላ ከሌለው የመጀመሪያዋን ብር በእሱ ላይ አውጡ። ማንኛውም ብረት ቤት ከቀጭን ብረት ይሠራዋል። እግራቸውን የሚያሳርፉበት ሰፋ ያለ መርገጫና የሚይዙት እጀታም አብሮ ይሠራ። ሁለተኛ ሄልሜትም ይገዛ። የነጂው ሄልሜት ኖሮ የእናት ከሌለ፣ አብሽሩ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው ማለት አያድንም።

ዳገት አልወጣ ያለው ሞተር አለኝ፣ አዲስ መግዣ የለኝም ለምትሉ ደግሞ አንድ ርካሽ መፍትሔ አለ፦ የካቴናው ጥርስ። ለምሳሌ የፊቱ 14 የኋላው 42 ጥርስ ከሆነ የፊቱ ሦስቴ ዞሮ የኋላው አንዴ ይዞራል። የፊቱን ወደ 13 ብታወርዱት የመጎተት አቅሙ ወደ 8 በመቶ ይጨምራል። በምትኩ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 80 ይሄድ የነበረው 74 ላይ እኩል ይጮኻል፣ አስፋልት ላይ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል። ሦስት ጥርስ ከኋላ መጨመርም ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ግን ካቴናው ሊያጥር ይችላል። ለሐራና ለመርሳ ሜዳ አያስፈልግም። ድልብ ለሚመላለስ ግን ዋጋውን በሳምንት ይመልሳል።

ካርቡራተር ላይ ግን አትቸኩሉ። ጋሸና ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። አንዳንድ መካኒክ ጂግለሩን፣ ቤንዚን የምታልፍባትን ትንሿን ቀዳዳ፣ በጠባብ ይቀይርላችኋል። ደጋ ለሚኖር ሰው ልክ ነው። ሐራ አድሮ ጋሸና ለሚውል ግን በተቃራኒው አደጋ አለው፦ በጠባቧ ጂግለር ወደ ቆላው ስትወርዱ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን ሊይዝ ይችላል። በዓመት አንዴ ለገና ለመውጣት ብላችሁ አትንኩት። ትንሽ ቢጨስ ይጭስ። የአየር ፊልትሮውን ማውለቅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ የሐራ አቧራ በአንድ በጋ ሲሊንደሩን ይልገዋል።

ማርሚታ መብሳት ጉልበት አይጨምርም። ጩኸት ነው የሚጨምረው፣ በዝቅተኛ ማርሽ እንዲያውም ጉልበት ይቀንሳል፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚያመጣውን ስድብ ሳንቆጥር። መብራትም እንደዚያው፦ የቦክሰር የፊት መብራት 35 ዋት አካባቢ ነው፣ ዲናሞው የተሠራው ለዚያ ነው። ሁለት ባውዛ ከጨመራችሁበት ባትሪው ይደክማል፣ ከፊት የሚመጣውም ሹፌር አያያችሁም፣ ዓይኑ ጠፍቷልና።

ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር የጠየቃችሁም አላችሁ። አንድ ነገር ላይ ቤንዚኑን ይበልጠዋል፦ ከፍታ አያደክመውም፣ አየር ስለማይተነፍስ። ለወልድያ ከተማ ውስጥ ሥራ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለላሊበላ ጉዞ ግን ባትሪው መሐል ላይ ካለቀ መብራት ያለበት ቤት ፈልጎ ሰዓታት መጠበቅ ነው።

ወረቀቱ ይቅደም። ሊብሬ የሌለው ርካሽ ሞተር ርካሽ አይደለም። ሻሲው ላይ የተመታውን ቁጥርና ሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ፤ የሻሲው ቁጥር አካባቢ ቀለም ተቀብቶ ወይም ተበይዶ ካያችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። እናንተም ስታስቀቡ ያንን ቦታ አታስነኩ፣ ስትሸጡት መከራ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው። የሞተር እንቅስቃሴ ሰዓትና ቦታ በየከተማው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመግዛታችሁም ከመጓዛችሁም በፊት ጠይቁ። ጉዞውን እስከ አዲስ አበባ የምታስቡ ደግሞ ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ላይ ገደብ እንዳደረገች አትርሱ።

ለወንድማችን የመጨረሻው። ብሩን ከመክፈልህ በፊት እናትህን ይዘሃቸው ሱቅ ሂድ። ሁለቱም ሞተሮች ላይ ከኋላ ያፈናጥጧቸው፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ። እግራቸው መርገጫው ላይ ይደርሳል? መውረድ ይችላሉ ሰው ሳይደግፋቸው? ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ። ከዚያ ባለሱቁን ዳገት አስፈቅደህ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንዴ ውጡ፣ በዚያው ማርሽ ውረዱ፣ መሐል ላይ አቁመው ፍሬኑን ብቻ ይዘህ ቁም። ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ሌላውን ሞክር።